ትልልቅ ሰዎች የልጆችንና የታዳጊዎችን ልብ ወለድ ለምን ያነባሉ?

ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት በጎጃም መንገድ አልፎ ወደ ሱሉልታ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሥራ የሚመለስ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ሽፋኑ ላይ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የተሣለበትን ልብ ወለድ ገልጦ ሲያነብ ቢታይ፣ አጠገቡ የተቀመጠው መንገደኛ «ወንድሜ፣ ይኼ የልጆች አይደለም እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው በክፋት የሚጠየቅ አይደለም። ከጀርባው ግን ብዙዎቻችን ሳንመረምረው የያዝነው እምነት አለ፤ ይኸውም መጻሕፍት በተፈጥሯቸው የልጅና የአዋቂ ተብለው የተለዩ ናቸው፣ ስለዚህም ለልጅ የተጻፈን ታሪክ የሚያነብ ትልቅ ሰው ወይ ለልጁ እየመረጠ ነው፣ ወይ ከባዱን ሸሽቶ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው የሚል ነው። ይህ እምነት ከመጻሕፍቱ ታሪክም ሆነ ከአሠራራቸው ጋር አይገጥምም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአዲስ አበባ ዳር ዳር ከምንኖር ሰዎች የንባብ ሕይወት ጋር አይገጥምም። ብዙዎቻችን እነዚህን መጻሕፍት በልጅነታችን አላገኘናቸውምና፣ ትልቅ ሰው ሆነን ስናነባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እያነበብናቸው ነው።

የዕድሜ መለያው ምን ይናገራል?

በመጽሐፍ ጀርባ ላይ «ከ9 እስከ 12 ዓመት» ወይም «ለታዳጊዎች» ተብሎ የሚታተመው ማሳሰቢያ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ዋናው ባለታሪክ ዕድሜ፣ ስለ ቋንቋው ክብደትና በታሪኩ ውስጥ ስለሚነሡት ጉዳዮች ነው። ከተጠቀሰው ዕድሜ በታች ላለ ልጅ መጽሐፉ ሊከብደው ይችላል ማለት ነው እንጂ ከዚያ በላይ ያለ ሰው አያንብበው ማለት አይደለም። ከፍተኛው ቁጥር የሚጻፈው ሻጩ መጽሐፉን በየትኛው መደርደሪያ እንደሚያስቀምጥ፣ ወላጅም ለየትኛው ልጁ እንደሚገዛ እንዲያውቅ ተብሎ ነው። እንግዲህ መለያው የንግድና የአደራደር መሣሪያ ነው፤ ስለ መጽሐፉ ጥልቀት የሚሰጠው ፍርድ የለም።

የመለያው ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ለልጆች ደስታ ታስቦ መጽሐፍ አትሞ መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ የሆነው በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ሲሆን፣ በተለምዶ እንደ መነሻ የምትጠቀሰው የለንደኑ አሳታሚ ጆን ኒውበሪ በ1744 ያወጣት ትንሽ የኪስ መጽሐፍ ናት (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የልጆች ተደርገው የሚታወቁት በ1719 የወጣው የሮቢንሰን ክሩሶ ታሪክና በ1726 የወጣው የጉሊቨር ጉዞ የተጻፉት ለአዋቂዎች ነበር፤ እንዲያውም ሁለተኛው የዘመኑን ፖለቲካ በምሬት የሚተች መጽሐፍ ነው። አሳጥረውና ሥዕል ጨምረው ወደ ልጆች መደርደሪያ ያዛወሯቸው ከዚያ በኋላ የመጡ አሳታሚዎች ናቸው። የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ማውጣት የጀመሩት የጀርመን ተረቶች ስብስብም በመጀመሪያው እትሙ የምሁራን ማብራሪያ የታከለበት ሥራ ነበር፤ ለልጆች ተብሎ የተመረጠው ትንሹ እትም የመጣው በ1825 ነው።

የታዳጊዎች ልብ ወለድ የሚባለው ክፍል ከዚህም የቅርብ ጊዜ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለታዳጊዎች አገልግሎት የሚውል ራሱን የቻለ ክፍል ያቋቋመው በ1957 ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ኤስ ኢ ሂንተን የተባለች ደራሲ ገና ተማሪ ሳለች የጻፈችውን የሁለት የሠፈር ቡድኖችን ጠብ የሚተርክ ልብ ወለድ ስታሳትም፣ ታዳጊዎች ስለ ራሳቸው ያለ ተግሣጽ የተጻፈ መጽሐፍ ሲያገኙ ምን ያህል እንደሚገዙ አሳታሚዎች ተረዱ። ከዚያ በኋላ መደርደሪያው እየሰፋ ሄደ።

ለጉዳያችን ከሁሉ የበለጠ የሚያስረዳው ግን በ1998 የሆነው ነው። የሃሪ ፖተር የመጀመሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝ በ1997 ለልጆች ታትሞ ሲወጣ ትልልቅ ሰዎችም እያነበቡት መሆኑን ያየው አሳታሚ በዓመቱ ያንኑ መጽሐፍ ጠቆር ባለ፣ ለአዋቂ በሚመች ሽፋን አወጣው። ከውስጡ አንድ ቃል አልተለወጠም። የተለወጠው አንባቢው ባቡር ውስጥ ይዞት ሲቀመጥ ሌሎች የሚያዩት ነገር ብቻ ነበር። በ2000 ደግሞ ኒው ዮርክ ታይምስ ለልጆች መጻሕፍት የተለየ የሽያጭ ዝርዝር አዘጋጀ፤ ምክንያቱም የነዚሁ መጻሕፍት ተከታታይ ክፍሎች የአዋቂዎቹን ዝርዝር የላይኛውን ቦታ ይዘው አልለቅ ብለው ነበር። በ2012 ቦውከር የተባለው የመጻሕፍት ገበያ አጥኚ ድርጅት በአሜሪካ ባደረገው ጥናት የታዳጊ መጻሕፍትን ከሚገዙት 55 በመቶው 18 ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው፣ ከእነርሱም ውስጥ ትልቁ ክፍል ከ30 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሆነው ተገኙ። ለማን እንደሚገዙ ሲጠየቁ 78 በመቶ በሚሆነው ጊዜ የመለሱት ለራሳቸው ንባብ እንደሆነ ነው።

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ምን አለ?

ስለ ልጅነት የተጻፈ መጽሐፍና ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍ አንድ አይደሉም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ከውልደቱ ጀምሮ፣ እንዲያውም ከወላጆቹ ጋብቻ ጀምሮ ይዞት ይሄዳል፤ ተራኪው ግን ከልጁ በላይ ሆኖ፣ የልጁን ዕጣ አስቀድሞ የሚያውቅና ኅብረተሰቡን የሚመዝን አዋቂ ነው። ለልጆች ወይም ለታዳጊዎች በተጻፈ ልብ ወለድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከፍታ አይገኝም። ተራኪው ልጁ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ያውቃል፤ ልጁ አባቱ ለምን ሥራውን እንደለቀቀ ካልገባው አንባቢውም በቀጥታ አይነገረውም፤ ከበር ጀርባ ከተሰማ ግማሽ ንግግር፣ ከእናቱ ዝምታ፣ ሳይበላ ከተነሣ እራት ራሱ እንዲደርስበት ይተዋል። የአሥር ዓመት አንባቢ ከልጁ ጋር ይጨነቃል። የአርባ ዓመት አንባቢ ደግሞ ልጁ ያልገባውን ነገር እየተረዳ፣ ነገር ግን ሊነግረው ሳይችል ይቀመጣል። አንዱ ገጽ ለሁለት አንባቢዎች ሁለት ዓይነት ጭንቀት ይሰጣል ማለት ነው፤ በእኔ አስተያየት ትልልቅ ሰዎች በእነዚህ መጻሕፍት የሚነኩበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

አውስትራሊያዊቷ ምሁር ባርባራ ዎል በ1991 ባሳተመችው ጥናት የልጆች መጻሕፍት ተራኪዎች ማንን እንደሚያናግሩ በሦስት ከፍላ አሳይታለች። አንዳንዱ ተራኪ የሚያናግረው ልጁን ብቻ ነው። አንዳንዱ ልጁን የሚያናግር መስሎ በልጁ ራስ ላይ አሻግሮ ለአዋቂው በዓይኑ ይጠቅሳል፤ ይህ ዓይነቱ ልጁን ያታልለዋል፣ ልጁም ብዙ ጊዜ ይነቃበታል። ሦስተኛውና አስቸጋሪው ሁለቱንም በአንድ ቃል፣ በእኩል አክብሮት የሚያናግረው ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ በ1943 ባሳተመው ስለ ትንሹ ልዑል በሚተርክ መጽሐፍ መግቢያ ላይ መጽሐፉን ለአንድ ትልቅ ሰው መታሰቢያ በማድረጉ ልጆችን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ያ ወዳጁ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ በረኀብና በብርድ ውስጥ እንዳለ ይነግራቸዋል። ስለ ጦርነቱ ሌላ ማብራሪያ አይሰጥም። ልጁ አንድ ሰው እንደበረደው ይረዳል፣ አዋቂው ደግሞ ለምን እንደበረደው ያውቃል።

ሌላው ምክንያት በነገሮች የመጀመሪያ ጊዜ ላይ ያለው ትኩረት ነው። በታዳጊ ልብ ወለድ ውስጥ ሁሉም ነገር የሚደርሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው የጓደኛ ክህደት፣ የመጀመሪያው ቀብር፣ አባት ሊሳሳት እንደሚችል የታወቀበት የመጀመሪያው ቀን። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በተደጋጋሚ እንዳረጋገጡት፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ ከሌላው ዘመናቸው ይልቅ በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜያቸው መካከል የሆነውን አብዝተው ይናገራሉ። እነዚህ መጻሕፍት የሚያነሡት ማስታወሻችን በብዛት የያዘውን ዘመን ነው። ከዚህ በተጨማሪ አጫጭር ናቸው፣ ነገሩ ቶሎ ይጀመራል፣ ደራሲው ለመራቀቅ የሚሆን ቦታ የለውም። ማለዳ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ለታክሲ ተሰልፎ ማታ በሁለት ሰዓት ቤቱ የሚገባ ሰው ይህንን ጥቅም ንቆ የሚያልፈው አይደለም።

አንድ የሱሉልታ ተረት

ነገሩን ከቅርብ ለማየት ለእኛ ሠፈር ከሚቀርብ ታሪክ የተሻለ አላገኘሁም። ሃሮልድ ኩርላንደርና የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ቮልፍ ሌስላው በ1950 በኒው ዮርክ ለልጆች ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ ስለ እሳትና ስለ ተራራ የሚናገር ተረት አለ። በአዲስ አበባ የሚኖር አርሃ የተባለ ወጣት አገልጋይ ከሀብታም ጌታው ጋር ይወራረዳል፤ በሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ልብስ፣ ያለ ምግብና ያለ እሳት ቆሞ ካደረ መሬት፣ ቤትና ከብት ሊሰጠው። ወጣቱ ይፈራና አንድ ሽማግሌ ያማክራል። ሽማግሌው ከሸለቆው ማዶ ካለ አለት ላይ እሳት እንደሚያነድለት፣ እርሱም ሌሊቱን ሙሉ ያንን እሳት እያየ ሙቀቱን እንዲያስብ ይነግረዋል። ወጣቱ እሳቱን እያየ ያድራል፣ በሕይወትም ይነጋለታል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃል» ብሎ ውሉን ያፈርሳል፣ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ ሌላ ባለጸጋ ዳኛውንና ጌታውን ግብዣ ጠርቶ የወጡን ሽታ ከጓዳ እያሸተቱ ምንም ሳይቀርብላቸው ያስቀምጣቸዋል፤ ሲቆጡም የወጥ ሽታ በማሽተት መጥገብ ካልተቻለ እሳትን ከሩቅ በማየት እንዴት መሞቅ ይቻላል ብሎ ይጠይቃቸዋል።

ይህን ተረት ለልጆች ሲነበብ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ልጆቹ የሚስቁት ሁልጊዜ በግብዣው ላይ ነው። የተራበ ዳኛ አንገቱን ወደ ጓዳ ሲያሰግግ ማሰብ ያስቃቸዋል፣ ፍትሕ መመለሱም ያስደስታቸዋል፣ ለእነርሱ ታሪኩ ሙሉ ነው። ትልቅ ሰው ሲያነበው የሚቆመው ከዚያ በፊት ነው። የሱሉልታን የጥቅምት ሌሊት የሚያውቅ፣ ጠዋት በሣሩ ላይ የተጋገረውን አመዳይ ረግጦ ወደ አስፋልት የወጣ ሰው፣ ወጣቱ በውርርዱ ያስያዘው ሕይወቱን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ከዚያም ውሉ በቃል ብቻ እንደሆነ ያያል፣ ጌታውና ዳኛው በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ ሰዎች መሆናቸውን ያስተውላል፣ ፍርዱ የተገለበጠው በይግባኝ ሳይሆን ሌላ ሀብታም ስለደረሰለት መሆኑንም ይመዝናል። ያ ሀብታም ባይኖርስ? ተረቱ ይህን ጥያቄ አያነሣም፤ የቀን ሥራ ሠርቶ ክፍያውን የተከለከለ አንባቢ ግን ያነሣዋል። ቃላቱ ለልጁም ለአዋቂውም አንድ ናቸው፣ አንድም ቃል ለአዋቂው ተብሎ አልተጨመረም።

እንዲህ ያለው ተረት በአገራችን ቀድሞውንም ለልጅ ብቻ ተብሎ አልተለየም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚለው በምድጃው ዙሪያ ያለው ሁሉ ነበር፤ አያትም የልጅ ልጅም አብረው ይሰሙ ነበር፣ በሽምግልና ላይ የተቀመጡ አባቶችም ነገር ለማስረዳት ያንኑ ተረት ያመጡ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድም የሚተርከው ስለ ሁለት ወጣት ወንድምና እኅት ነው፤ እኅቲቱ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር ሆና፣ የተማረከ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ዛሬ በሌላ አገር ቢታተም ያለ ጥርጥር በታዳጊዎች መደርደሪያ የሚቀመጥ ታሪክ ነው፤ ያኔ ግን የተነበበው በትልልቅ ሰዎች ነው፣ አሁንም በዩኒቨርሲቲ ይጠናል።

የእኛ አንባቢ በምን ይለያል?

በአሜሪካና በእንግሊዝ ስለ ጉዳዩ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ አዋቂው አንባቢ በልጅነቱ ወደ ወደደው ነገር እንደሚመለስ አድርጎ ያስባል፤ የትዝታ ነገር ያደርገዋል። እኛ ዘንድ ይህ ማብራሪያ ለጥቂቶች ብቻ ይሠራል። የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሆኑትና በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው እንደነበር ተናግረዋል፤ በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል። የእርሳቸው ታሪክ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። ያደግነው አንድን የመማሪያ መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት እየተጋራን ነው። ልብ ወለድ የሚባል ነገር ወደ ጆሯችን የገባው በራዲዮ ትረካ፣ ተረትም በቴሌቪዥን ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ልጆችን ባስተማሩት በአባባ ተስፋዬ በኩል ነው፤ ያም ቴሌቪዥን በሠፈሩ ላለው ልጅ ነው።

እንዲህ ያደገ ሰው ዛሬ ልጁ ከትምህርት ቤት ያመጣውን የታዳጊ ልብ ወለድ ሲያነሣ የሚያገኘው የጎደለበትን ነው። ይህ ከትዝታ የተለየ ስሜት ነው፤ ትዝታ የነበረን ነገር ይናፍቃል፣ ይህ ግን በአሥራ ሦስት ዓመቱ ቢያነበው ኖሮ ይጠቅመው የነበረን ነገር ዘግይቶ መቀበል ነው። አንዲት የሠፈራችን እናት ስለ አንድ አባት አልባ ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ አንብበው ከጨረሱ በኋላ «ልጄ፣ እኔ ያኔ እንደዚህ የሚያስብ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር» ሲሉኝ፣ ስለ መጽሐፉ ከተጻፉት ግምገማዎች ሁሉ የተሻለውን የሰማሁ መሰለኝ።

መጻሕፍቱ እጃችን የሚገቡበት መንገድም የራሱ ጠባይ አለው። ታላላቆቹ ቤተ መጻሕፍት ያሉት መሐል ከተማ ነው፤ ወመዘክርም፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ አካባቢ የተከፈተው አብርሆትም ከሱሉልታ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ለሚመጣ ሰው የግማሽ ቀን ጉዞ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በዳርቻው የምንኖር ሰዎች የምናነበው በአብዛኛው መጽሐፍ አዟሪ ተሸክሞት የመጣውን፣ በመንገድ ዳር ሸራ ላይ የተዘረጋውን፣ ወይም በእርዳታ ለትምህርት ቤት የተላከውን ነው። ከእርዳታው መካከል የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ከመደርደሪያቸው ያወጧቸው የልጆችና የታዳጊዎች ልብ ወለዶች ብዙ ናቸው፤ የአንዳንዶቹ የኋላ ሽፋን ውስጥ የውሰት ካርድ የሚገባበት ኪስና የመመለሻ ቀኖች ማኅተም እስከ ዛሬ አለ። ትልልቅ ሰዎች እነዚህን የሚያነቡት አንድም ስላሉ ነው፤ ይህን ማለት ንባባቸውን አያሳንሰውም።

ስለ ቋንቋም መናገር ይገባል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ቢሆንም የብዙዎቻችን እንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ፎቶሲንተሲስ ማንበብ እንችላለን፣ ሁለት እኅቶች ሲጣሉ የሚባባሉትን ግን አናውቅም። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2000 ባሳተሙት ጥናት አንድ ሰው ልብ ወለድን ያለ እርዳታ በደንብ ተረድቶ እንዲያነብ ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንዳለበት አሳይተዋል። 300 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ ይህ ማለት የማይታወቁት ቃላት ከስድስት አይበልጡም ማለት ነው። ለአዋቂ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ለብዙዎቻችን ከዚህ በጣም ይከብዳል፣ በየመስመሩ መዝገበ ቃላት መግለጥም ታሪኩን ይገድለዋል፤ ለ12 ዓመት አንባቢ የተጻፈው ግን ለዚህ ልክ ይቀርባል። ቋንቋ ለማሻሻል የሚያነቡ ሰዎች ከዚህ ቢጀምሩ እመክራለሁ፤ ቢሆንም መጽሐፉን የቋንቋ መልመጃ ብቻ አድርጎ መያዝ ይጎዳዋል፣ ሰው አንብቦ የሚጨርሰው ባለታሪኩ ምን እንደሚሆን ማወቅ ሲፈልግ ነው።

ተቃውሞዎቹ

በ2014 በአሜሪካ አንድ የድረ ገጽ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ አዋቂዎች ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍ ሲያነቡ ሊያፍሩ ይገባል ብሎ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የታዳጊ ልብ ወለዶች መጨረሻ ወይ በደስታ ወይ በለቅሶ አንባቢውን ስለሚያረካ፣ አዋቂ ሰው ሊለምደው የሚገባውን ያልተፈታና የተወሳሰበ ሕይወት አያሳይም የሚል ነበር። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እይታ ውስን ነው፤ የሃያ ዓመት ትዳርን፣ ልጅን ቀብሮ መኖርን፣ ሥልጣን ይዞ መበላሸትን ከውስጥ ማሳየት አይችልም። ሌላ ምንም ሳያነብ እነዚህን ብቻ የሚያነብ ትልቅ ሰው ይህ ሁሉ ይቀርበታል። ነገር ግን እፍረት የሚባለው ነገር እዚህ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም። መጨረሻቸው የሚያረካ የአዋቂ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ መጨረሻቸው የማይዘጋ የልጆች መጻሕፍትም እንዲሁ። በ2001 ዓመት የእንግሊዝ የዊትብሬድ ሽልማት ዳኞች የፊሊፕ ፑልማንን የልጆች ልብ ወለድ ከአዋቂዎቹ ሁሉ አስበልጠው የዓመቱ መጽሐፍ ብለው ሲመርጡ፣ ያ መጽሐፍ የሚያበቃው እርስ በርሳቸው በሚዋደዱ ሁለት ልጆች የዘላለም መለያየት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፣ እርሱም ከልጆቹ ወገን የሚነሣ ነው። አዋቂዎች ዋነኞቹ ገዢዎች ሲሆኑ አሳታሚዎች ለእነርሱ መሥራት ይጀምራሉ፤ ባለታሪኮቹ ከአሥራ ሦስትና ከአሥራ አራት ዓመት ወደ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ያድጋሉ፣ ጉዳዮቹ የፍቅርና የአልጋ ጉዳዮች ይሆናሉ፣ መጽሐፉም ይወፍራል፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ለእርሱ ተብሎ በተሠራው መደርደሪያ ፊት ቆሞ የሚሆነውን ያጣል። በእንግሊዝኛው የመጻሕፍት ዓለም የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ይህን ስሞታ ደጋግመው ያሰማሉ፤ ልክ ናቸውም።

በአማርኛ ደግሞ ያ መደርደሪያ ገና አልሞላም። ለትንንሾቹ በሥዕል የተዘጋጁ ቀጫጭን የተረት መጻሕፍት አሉን፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አዋቂዎች ልብ ወለድ እንዘላለን፤ ከ12 እስከ 16 ዓመት ላለው አንባቢ የሚሆን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ያለውም ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ትምህርቱን ቆጥሮ የሚያስረክብ ነው፤ ልጅም አዋቂም ይህን ሲያይ መጽሐፉን ይዘጋል። ስለ አዲስ አበባ የጎዳና ልጆች ከተጻፉት የታዳጊ ልብ ወለዶች በሰፊው የሚታወቀውን በ2003 በእንግሊዝኛ የጻፈችው በ1960ዎቹ እዚህ ያስተማረችው ብሪታኒያዊቷ ኤልዛቤት ሌርድ ናት። ማሞ የተባለው ልጅ እናቱ ከሞተች በኋላ አጎትህ ነኝ ባለ ሰው ተታሎ ለገጠር ገበሬ ይሸጣል፣ ዳኒ የተባለው የሀብታም ልጅ ደግሞ አባቱን ፈርቶ ከቤቱ ይጠፋል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በመቃብር ቦታ ነው። የከተማችን ነዋሪ የሆነ ትልቅ ሰው ይህን ሲያነብ በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፋቸውን ልጆች ከውስጥ ያያቸዋል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአማርኛ፣ ከሠፈራችን በወጣ ደራሲ እንዲጻፍ የሚገዛው መኖር አለበት፤ ታዳጊው የራሱ ገንዘብ የለውም፣ ወላጅም በቅድሚያ የሚገዛው የፈተና መለማመጃ ነው። ለራሱ ሊያነበው ብሎ የሚገዛ ትልቅ ሰው እዚህ ላይ ለአሳታሚው ወሳኝ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ሲመርጥ ግን ባለታሪኩ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነውን፣ ተራኪው ከልጁ በላይ የማያውቀውንና የመጨረሻው ገጹ ምክር የማይሰጠውን ቢመርጥ፣ አንብቦ ሲጨርስ ያለ ሐሳብ ለጎረቤቱ ልጅ ሊያውሰው የሚችለው መጽሐፍ ይሆናል።